ከራንጉን እስከ ባንኮክ ሁለት ሰዓት ነው

ራንጉንንም ባንኮክንም አላየኋቸውም፤ ከእንግዲህም አላያቸውም። ነገር ግን በዳኮታ አውሮፕላን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ፤ ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ፣ ንፋሱ ከፊት ከመጣ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። ይህን የተማርሁት አዘዞ ሜዳ ላይ፣ ከማኮብኮቢያው ከብት እያባረርሁ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚነገረኝ ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ተቀመጥ»። ልጄ ትለኛለች፣ ጎረቤት ይለኛል፣ የነፍስ አባቴ ሳይቀሩ «ተገኘ፣ እባክህ ዕረፍ» ይሉኛል። እንዴት ልቀመጥ? ቁስቋም ካለው ቤቴ ሆኜ የአውሮፕላን ድምፅ ስሰማ እግሬ ሳያማክረኝ ይነሣል። የእጅ አንጓዬ ላይ ሰዓቴን አያለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ መንገዱን አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። «አሁን ማን ቀረብህ?» ትለኛለች ልጄ ተናዳ። ማን እንደሚቀር የሚታወቅ ቢሆንማ እኔም ቁጭ ብዬ ቁርሴን በበላሁ ነበር።

ሥራ የጀመርሁት ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሜዳው ጣሊያን የሠራው ነበር፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ረቡዕና ቅዳሜ፣ እኛ ዘንድ ያደረው አውሮፕላን ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ሲነሣ ሌላው ከዚያ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ከጫኝና አውራጅነት እስከ ቲኬት ቆራጭነት ያለውን ሁሉ እንሠራለን። ደመወዙ ለሚስት የሚነገር አልነበረም። ማለዳ ከብቱን እናባርራለን። ቀጥሎ እርጥብ ጭድ እናቃጥልና ጭሱ ወዴት እንዳዘነበለ አይተን ለሬድዮ ሠራተኛው እንነግረዋለን፤ እሱ ለአብራሪው ይነግራል። ከዚያ መንገደኛውን ከነጓዙ ባስኩላ ላይ እያወጣን እንመዝናለን፤ ክብደት ወደ ጅራት ከበዛ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሰቅሎ አልታዘዝ ይላልና። አንድ ጊዜ የእንፍራንዝ ቄስ ባስኩላው ላይ አልወጣም ብለው አስቸገሩን። «ነፍስን የሚመዝን ቅዱስ ሚካኤል ነው። እናንተ ደግሞ ሥጋን ልትመዝኑ ማን ሾማችሁ?» አሉ። ያወጣቸው አያ ኑሩ ነው። «አባ፣ እኛ ኃጢአትዎን አንቆጥርም፤ ከየትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ብቻ ነው የምናይ» ቢላቸው ስቀው ወጡ።

አያ ኑሩ የጣቢያችን ሹም ነበር። የጎንደር እስላም ነው፣ የአዲስ ዓለም ሰው። አባቱና አያቱ ወደ መተማና ወደ ምጽዋ በቅሎ ሲነዱ የኖሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ መንገድን በሰፈር፣ ማለት በሚያድሩበት ቦታ ነበር የሚቆጥሩት፤ እስከዚህ ድረስ ይህን ያህል ሰፈር፣ እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል እያሉ። እሱ ሰፈሩን ትቶ ሰዓት አሰረ እንጂ ደሙ ያው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢውን ከኮቱ በላይ የሚደርብ ሰው ነበር። ኪሱ ውስጥ በየእኩሉ የተቋጠረ ሲባጎ አይጠፋም።

ከባንኮኒው ጀርባ አንድ የቀድሞ ፈረንጅ አለቃ ትቶት የሄደ የዓለም ካርታ ተሰቅሎ ነበር። በእኛ አገር በኩል ያለውን ምስጥ በልቶታል። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን አያ ኑሩ ሲባጎውን ሰጠኝና «ከራንጉን እስከ ባንኮክ ለካ» አለኝ። ለካሁ። ቋጠሮውን ቆጥሬ በዳኮታ ፍጥነት አካፈልሁ። ተሳሳትሁ። እንደገና ለካሁ። እንዲህ ስንባባል ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ መረረኝና «አያ ኑሩ፣ ምነው የማንሄድበትን አገር? የእኛን ምስጥ ስለ በላው ነው?» አልሁት።

«ከዳባት ጎንደር በእግር ስንት ነው?» አለኝ መልሶ።

«የአንድ ቀን መንገድ ነዋ» አልሁ።

አጠገባችን ቆዳ የሚያስር ባልደረባችን «የምን አንድ ቀን? እኔ ማልጄ ተነሥቼ ለምሳ እገባለሁ» አለ። የሬድዮ ሠራተኛው ደግሞ ከውስጥ ሆኖ መንገድ ላይ ሳያድር ገብቶ እንደማያውቅ ጮኸ። ተጨቃጨቅን። አያ ኑሩ እስክንጨርስ ጠበቀ።

«አየህ? የምታውቀውን መንገድ እግርህ ይለካልሃል፤ እግር ደግሞ ውሸታም ነው። ራንጉንን ያልረገጠ ሰው ግን ራንጉን ላይ አይዋሽም» አለ።

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። የሚያስቀው ነገር፣ እሱ ራሱ አንድም ቀን ወደ ሰማይ ወጥቶ አያውቅም። ድርጅቱ ለሠራተኛ ነፃ ወንበር ሲሰጥ ሁላችንም እየተሻማን አዲስ አበባን አይተናል። እሱን «መቼ ነው ተራዎ?» ስንለው «ስንቅ አላሰናዳሁም» ይላል። ለዓመታት ስንቅ አላሰናዳም። ፈሪ ነው ብሎ የሚደፍር ግን አልነበረም፤ እኔም እዚህ ብቻ ነው የጻፍሁት።

አንድ ልማድ ደግሞ ነበረው። የአውሮፕላኑ በር ከመዘጋቱ በፊት እስከ ዋናው መንገድ ወጥቶ አንድ ጊዜ ወደ ጎንደር፣ አንድ ጊዜ ወደ ጠዳ ያያል። የሚሮጥ ሰው ካለ እጁን ያነሣል፣ አብራሪውም እያጉረመረመ ይጠብቃል። በዚህ ልማዱ ስንት ሰው አሳፍሯል! ወይዘሮ ደብሪቱን ግን አላሳፈራትም።

ወይዘሮ ደብሪቱ የወገራ ሰው ናት። በአባቷ ርስት ከአጎቷ ልጅ ከፈንቴ ጋር ስትሟገት ጠጉሯ ሸብቷል። ጎንደር ላይ ተፈርዶባት፣ ይግባኝ ብላ አዲስ አበባ ቀጠሮ ተሰጥቷታል። ቀጠሮው ሐሙስ ነው፤ የሰማችው ግን ዘግይታ ነው። በመኪና ብትሄድ አትደርስም። ያላት አንድ ነገር የረቡዕ አውሮፕላን ነው። ሰኞ ዕለት ጎንደር ፒያሳ ካለው ቢሯችን መጣች፣ ነጠላዋን አደግድጋ ባንኮኒው ፊት ቆመች፤ ቲኬቱን አያ ኑሩ ቆረጠላት። ቲኬቱ ላይ ያለው ጽሑፍ የፈረንጅ ነው፣ ሰዓቱም የፈረንጅ ነው፤ እኛም ሁልጊዜ በቃል ነበር የምንነግር።

«አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው አያ?» አለችው።

የአያ ኑሩ ፊት በራ። ዕድሜ ልኩን ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር። ሰዎች የሚጠይቁት ይወድቃል ወይ፣ ያጥወለውላል ወይ፣ ፍየል ያስጭናል ወይ ነው። ይህች ባላገር ሴት ርቀቱን ጠየቀችው!

«ሁለት ሰዓት ነው እታለም» አላት፣ «ባሕር ዳር ከሚያርፍበት ጋር።»

«ሸጋ!» አለች ደስ ብሏት። «ባሕር ዳር ማረፉም ሸጋ ነው።» ቲኬቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች። እኔም እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ምንም አልመሰለኝም።

ረቡዕ ጧት አውሮፕላኑ የሚነሣው አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ሁሉም ተመዝኖ ገባ፤ አንድ ወንበር ባዶ ሆነ። ስሟን ጠራን። አያ ኑሩ እስከ መንገዱ ወጥቶ በሁለቱም ወገን አየ። ሰው የለም። ሞተሩ ጮኸ፣ አውሮፕላኑ ተነሣ፣ ወደ ጣና ዞረ፣ ጠፋ።

እኛ ባስኩላውን ስናስገባ ወይዘሮ ደብሪቱ ከወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል ቀስ ብላ መጣች። ጓዟን አዝላለች፣ ፊቷን ታጥባለች፣ ምንም አልቸኮለችም። ከጎንደር ሌሊት ተነሥታ አዘዞ የደረሰችው ሲነጋጋ ነው። ጊዜ ተርፎኛል ብላ ተክለ ሃይማኖትን ልትሳለም ገብታ ነበር።

«የታለ?» አለች ሜዳውን እያየች።

የሬድዮ ሠራተኛው በእጁ ወደ ጣና አመለከታት።

«ሲጮኽ ሰምቼዋለሁ እኮ። በቅሎም ሳትጫን ታናፋለች ብዬ…» ዞር ብላ አያ ኑሩን አየችው። «ምነው አያ? ሁለት ሰዓት አላልኸኝም?»

አያ ኑሩ ሰዓቱን አየ። ሁለት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። «ሁለት ሰዓት ያልሁሽ… መንገዱን ነው እታለም። የሚፈጀውን።»

«የሚፈጀውን እኔ ምን ላድርገው!» አለች። «የሚበረው እሱ! እኔ የምቀመጥ!»

ጓዟ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለን ነበር። ዘመድ እንደ ሞተበት ሰው ሁላችንም ዙሪያዋን ቆምን።

አያ ኑሩ ሬድዮ ክፍል ገባ። ለአዲስ አበባው ባልደረባችን መልእክት አስተላልፎ፣ ነገ ችሎት ሄዶ መንገድ ላይ መሆኗን እንዲናገርላት ለመነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ። ባልደረባችን ሄዷል፤ ስሟ ሲጠራም «አቤት» ብሏል፤ «አንተ ደብሪቱ ነህ?» ተብሎ ተባርሯል። ቀርታለች ተብሎ በሌለችበት ለፈንቴ ተፈርዷል። ነገር ግን የቀረችው በበቂ ምክንያት መሆኑን ምስክር አምጥታ ካስረዳች ፍርዱ ሊነሣ ይችላል። ችሎቱ ሰኞ ያስችላል።

«ምስክሩ እኔ ነኝ» አለ አያ ኑሩ።

የዚያን ጊዜ አለቃችን ፈረንጅ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ፈሪ ነው። ነገሩን ሲሰማ ደሙ ፈላ። አያ ኑሩ ችሎት ቆሞ ጥፋቱ የእኛ ነው ካለ ነገ አውሮፕላን ያመለጠው ሁሉ እንደሚከሰን፣ ከሄደም ባንኮኒው ላይ እንደማይመለስ ነገረው። አያ ኑሩ አዳመጠ፣ አመሰገነው፣ ፈቃድ ጠየቀ። ከዚያ ወደ እኔ መጣና «ቅዳሜ ሁለት ወንበር ያዝ» አለኝ።

«ለማን?»

«ለእሷና ለእኔ ነዋ! በእግሬ ልደርስ ነው?»

ቅዳሜ ጧት ባስኩላው ላይ ሲወጣ መርፌው አላርፍ አለ። ክብደቱን በግምት ጻፍሁ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከኋላው ቆማ በሹክሹክታ ትጸልያለች። ደረጃው ላይ ሲደርስ ተመለሰና ሲባጎውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ምን ላድርገው? ግራ ገብቶኝ ኪሴ ከተትሁት። በሩ ተዘጋ፤ እኔም እንደ ልማዱ እስከ መንገዱ ወጥቼ በሁለቱም ወገን አየሁ።

ያን ጊዜ ያደረብኝ አለመረጋጋት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ጣቢያው በእጄ ነው፣ ዕድሜዬ ገና ነው፣ ሁለቱ ሰዎች ሰማይ ላይ ናቸው። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒው በር፣ ከበሩ ሬድዮ ክፍል ተመላለስሁ። ብታሸንፍስ? ብትሸነፍስ? ርስቷን ካጣች የት ትገባለች? የሬድዮ ሠራተኛው «ተገኘ፣ ወለሉን ጨረስኸው» አለኝ። ማክሰኞም ወሬ የለም።

ረቡዕ አውሮፕላኑ ሲያርፍ መጀመሪያ የወረደችው እሷ ናት። ከሩቅ ሳያት ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላለች፤ ልቤ መለስ አለ።

«ተነሣልኝ!» አለች ገና ሳትደርስ። «ፍርዱ ተነሣልኝ! ነገሩ እንደ አዲስ ይታያል።»

ዙሪያዋን ከበብናት። ባስኩላው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ነገረችን።

«ፈንቴ ቀርቦ፣ ጌታዬ፣ ይህች ሴት ንቃ ነው የቀረች አለ። መንገዱ ሁለት ሰዓት ነው ቢሏት ማን ይሳሳታል? መኝታ አምሯት ነው አለ። ከዚያ አያ ኑሩ ተጠሩ። እንደው ዝም ብለው ተሳስቼ ነው ቢሉ ምናለ? ጌታዬ፣ ነገሩን ለማስረዳት ከራንጉን ልነሣ አሉ። ዳኛው ቢሰሙ፣ ቢሰሙ፣ ቢሰሙ፣ በመጨረሻ ራንጉን ደግሞ የማን ርስት ነው? አሏቸው። እኔ አልቆልኛል አልሁ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም፣ ቀጠለች።

«ዳኛው ግን ሸጋ ሰው ናቸው። ወደ ፈንቴ ዞሩ። አንተ መቼ ነው ወደ አገርህ የምትገባ? አሉት። ረቡዕ፣ በአውሮፕላን ነው ጌታዬ አለ ደረቱን ነፍቶ። እንግዲያው ልንገርህ፣ ጎንደር በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው፤ ረቡዕ በስንት ሰዓት ከሜዳው ትገኛለህ? አሉት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደርሼ እጠብቃለሁ ጌታዬ፣ እኔ እንደ እሷ እንቅልፋም መሰልሁዎ? አለ። ዳኛው ወደ አያ ኑሩ ዞረው መቼ ነው የሚነሣው? አሉ። አንድ ሰዓት ላይ ጌታዬ አሉ። ይኸው፣ ፈንቴ፣ አንተም ቀርተሃል! አሉት። ችሎቱ ተንጫጫ።»

ፈንቴ ራሱ በዚያው አውሮፕላን ከመጨረሻው ወንበር ሲወርድ አየነው። አብረውት የመጡት እንደነገሩን ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው አዲስ አበባ ሜዳ የደረሰው።

ርስቱ ተለይቶ እስኪታወቅላት ድረስ የነበረው ሙግት ሌላ ታሪክ ነው፤ ብዙ አድክሟታል። ከታወቀላት በኋላ ግን ጎንደር በወረደች ቁጥር ከአባቷ ማሳ የተቆላ የገብስ ቆሎ ሳታመጣልን አታልፍም ነበር።

አያ ኑሩ ከእሷ ጋር አልተመለሰም። «ጉዳይ አለኝ» ብሎ ቀረ። ጉዳዩ ምን እንደ ነበረ የታወቀው ከሳምንት በላይ ቆይቶ በጎጃም በኩል ከጭነት መኪና ላይ፣ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ ሲወርድ ነው። አለቃውም ቃሉን ጠበቀ፤ ከባንኮኒው አንሥቶ ቆዳ መጋዘን አስገባው። እኔ ተናደድሁ፣ ልከራከርለት ተነሣሁ። እሱ ከለከለኝ።

«ተወው ተገኘ። ቆዳ ስንት ሰዓት ነው ብሎ አይጠይቅም» አለኝ።

ባንኮኒው ለእኔ ተሰጠ። ወንበሩን ለመንገደኛ አወጣሁት፤ በላዩ ላይ ልቀመጥ አልቻልሁም። አያ ኑሩ ከመጋዘኑ እየመጣ አንድ ነገር ብቻ አስተማረኝ። ሰው ሰዓት ሲጠይቅህ መጀመሪያ መነሻውን ንገረው፤ የመንገዱን ርዝመት ካልጠየቀህ ዋጠው፤ ከዚያ «ድገምልኝ» በለው። መንገደኛው ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም ተማሪ «አንድ ሰዓት ይነሣል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት እገኛለሁ» ብሎ ካልደገመልኝ ቲኬት አልሰጥም ነበር። ቢሮክራት አሉኝ፣ ነዝናዛ አሉኝ። ከእኔ ባንኮኒ ግን በዚያ ስሕተት የቀረ የለም።

በኋላ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አሥመራ፣ ከዚያም ስማቸውን ብጠራ የማታውቋቸው የሣር ሜዳዎች ላይ ተመድቤ ሠርቻለሁ። ብዙ አለቃ አየሁ፤ የሚጮህም፣ የሚተኛም፣ ጫማውን በእኛ የሚያስጠርግም። አሥመራ ሳለሁ አንድ ፈረንጅ ነጋዴ ባንኮክ ኖሬአለሁ ቢለኝ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ «ከራንጉን ሁለት ሰዓት ነው!» አልሁት። ሳቀና፣ በዚያ አገር ክረምት ደመናው ሲቆም አውሮፕላኑ እየዞረ ስለሚሄድ ሰዓቱን ማንም አያውቀውም አለኝ። ያን ለአያ ኑሩ ለመንገር ቸኩዬ ነበር።

ለፈቃድ ጎንደር ስገባ አዲስ ዓለም ቤቱ ሄድሁ። አርጅቷል። የራንጉኑን ነገር ስነግረው ቅር አለው፣ «ክረምቱን መች ለካነው» አለ። እኔም በዚያው ለዓመታት ውስጤ ሲመላለስ የኖረውን ጥያቄ አወጣሁት።

«አያ ኑሩ፣ ያኔ ቅዳሜ ስትሄዱ በእውነት ስንት ሰዓት ፈጀ?»

ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ። «አላየሁም» አለ።

«አንቱ? ሰዓትዎን አላዩም?»

«በምን ልይ? ወይዘሮ ደብሪቱ ከመነሻው እስከ መድረሻው እዚህ ላይ አንቃ ይዛኝ» አለና የእጁን አንጓ አሳየኝ። «ሰዓቱ ከእጇ ሥር ነው። ፈርታ ነበር ምስኪን።»

በዚያው ዓመት አረፈ። አልቅሰን፣ ቀብረን ተመለስን። ወይዘሮ ደብሪቱ ወሬው ደርሷት ከወገራ ወርዳ፣ ከሙስሊም ሴቶቹ ጋር ጥግ ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት። ላጽናናት ብዬ ያን የነገረኝን ነገርኋት፤ ያኔ በፍርሃት እጁን ይዛ ሰዓቱን እንደ ጋረደችበት።

እንባዋን ጠረገችና አየችኝ።

«እኔ?» አለች። «እሳቸው እንጂ! ገና ሳይነሣ ዓይናቸውን ጨፍነው እጄን ያዙ። ሁለት ሰዓት ያሉኝ እውነት መሆኑን በዓይኔ ልይ ብዬ፣ ሰዓቱን ያሳዩኝ አያ፣ ትንሽ ይልቀቁኝ ብላቸው፣ አልለቅ አሉኝ።»